ይህን ድንጋይ ማን ሠራው?

(ስለ ጥንታዊ ሪፎች፣ ስለ መጀመሪያው ሕይወትና ስለ ጂኦሎጂስት ሙያ ጅማ ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማዋ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ፤ አካም ጅርቱ። በዚህ ዝናብ ከቤት ወጥቶ መምጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ አመሰግናለሁ።

ስለ ባሕር ላወራ ነው የመጣሁት። ጅማ ላይ የባሕር ወሬ ምን ይሠራል የምትሉ አትጠፉም። እውነትም የቆምንበት መሬት የባሕር አይደለም። ከዚህ አዳራሽ ሥር፣ ከጅሬን ኮረብታ ሥር፣ ከአወይቱ ወንዝ ሥር ያለው ድንጋይ ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ የፈሰሰ። ቡናው የሚበቅልበት ቀይ አፈርም የዚያው ባዛልት ብስባሽ ነው። ቀልጦ በፈሰሰ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ ቅሪተ አካል አይፈለግም። ስለዚህ የእኔ ዓይነቱ ባለሙያ ጅማ ላይ ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል።

ግን እስቲ ግድግዳውን ተመልከቱ። ሲሚንቶው ከሙገር ወይም ከደርባ የመጣ ከሆነ ጥሬ ዕቃው የኖራ ድንጋይ ነው። ያን የኖራ ድንጋይ ያስቀመጠው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በጁራሲክ ዘመን፣ የዛሬዋን ኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል ሸፍኖ የነበረ ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር ነው። አንታሎ የኖራ ድንጋይ እንለዋለን። ስሙን ያገኘው ከትግራይ ቢሆንም ድንጋዩ በዓባይ ሸለቆ አለ፣ በባሌ የሶፍ ዑመር ዋሻም የተፈለፈለው በእሱ ውስጥ ነው። ኮራል አለበት፣ ቀንድ አውጣ አለበት፣ የኦይስተር ዛጎል ተደራርቦበታል። ፋብሪካው ይህን ሁሉ ፈጭቶ፣ አቃጥሎ፣ በከረጢት አድርጎ ይልክላችኋል።

ሌላም ዝምድና አለ። በአባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ ገበያ ላይ በአሞሌ የተገበያየ ነጋዴ የቀይ ባሕርን ቁራጭ በእጁ ይዞ ነበር። አሞሌው የተቆረጠው ደናክል ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ነው። ቀይ ባሕር ወደዚያ ሜዳ ገብቶ ያውቃል፤ ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ጠለል ከፍ ባለበት ጊዜ ውኃው እዚያ ነበር። በኋላ መግቢያው ሲዘጋ ውኃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። ዳርቻው የት ድረስ እንደነበር ዛሬ የሚነግረን በሜዳው ጠርዝ ላይ በረሃ ውስጥ ደርቆ የቀረው የኮራል ሪፍ ነው። ዛፍ በሌለበት፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቦታ ቆማችሁ፣ ቅርንጫፉ ገና የሚለይ ኮራል በጣታችሁ ትዳስሳላችሁ። ተማሪ ሆኜ ያን ባላይ ኖሮ ምናልባት እኔም ወርቅ ፍለጋ እሄድ ነበር። (ወርቅ ፈላጊ የሆኑት የክፍል ጓደኞቼ ዛሬ ከእኔ የተሻለ መኪና ይነዳሉ። እሱን ለጥያቄ ሰዓት እንተወው።)

ሪፍ ሲባል ሁሉም ሰው ኮራል ያስባል። ነገር ግን ሪፍ ከባሕር ወለል ከፍ ብሎ፣ ማዕበል ተቋቁሞ የሚቆም፣ ሕይወት የገነባው ግንብ ነው፤ ግንበኛው በየዘመኑ ይለያያል። የዛሬዎቹ የኮራል ወገኖች ወደ ሥራው የገቡት ከጁራሲክ ቀድሞ በነበረው በትራያሲክ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት በዴቮኒያን ስትሮማቶፖሮይድ የሚባሉ የስፖንጅ ዘመዶችና ሌሎች፣ አሁን ጠፍተው ያለቁ ኮራሎች ነበሩ። ከጁራሲክ በኋላ በመጣው በክሪቴሺየስ ዘመን ደግሞ ሩዲስት የሚባሉ፣ ባለ ሁለት ክዳን ቀንድ የሚመስሉ ዛጎሎች ቦታውን ያዙት። ከ520 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አርኪዮሳያት የሚባሉ ስፖንጆች ገነቡ። ናሚቢያ ውስጥ ክላውዲና የተባለች፣ እንደተደራረበ ጽዋ የምትታይ ትንሽ እንስሳ ከ548 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሪፍ እንደሠራች እ.ኤ.አ. በ2014 ተጽፏል። ከዚያ ወደ ኋላ ከሄድን እንስሳ የሚባል ግንበኛ አናገኝም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ካናዳዊቷ ኤሊዛቤት ተርነር በ890 ሚሊዮን ዓመት ሪፍ ውስጥ የስፖንጅ ምልክት ሊሆን የሚችል ነገር አይቻለሁ ብለው ጽፈዋል፤ ጉዳዩ ግን እስካሁን ያከራክራል።

ከዚያ በፊት ለነበረው እጅግ ረጅም ዘመን የሪፉ ግንበኞች በዓይን የማይታዩ ነበሩ። የሠሩት ነገር ስትሮማቶላይት ይባላል። አንድ ጥቅል ጎመን ለሁለት ሰንጥቃችሁ የተቆረጠውን ፊት ብታዩት መልኩን ታውቁታላችሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ሥር እንደ ስስ ምንጣፍ የተዘረጉ ማይክሮቦች፣ በተለይ በብርሃን ምግባቸውን ሠርተው ኦክስጅን የሚያወጡት ሳይኖባክቴሪያ፣ ገላቸው ዝልግልግ ነው፤ ውኃው የሚያመጣው ደቃቅ አሸዋና ጭቃ ይጣበቅባቸዋል፤ ከውኃው የሚወጣ ኖራም በላያቸው ይዘቅጣል። ሲሸፈኑ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይወጡና አዲስ ምንጣፍ ይዘረጋሉ። ከሥር የቀረው ድንጋይ ይሆናል። ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ሻርክ ቤይ፣ ሃሜሊን ፑል የሚባለው ቦታ ዛሬም ይህን ሲሠሩ ይታያሉ፤ የውኃው ጨዋማነት ከተራ ባሕር እጥፍ ገደማ ስለሆነ ግጦ የሚበላቸው ቀንድ አውጣ እንደልቡ አይደርስባቸውም። በዓመት የሚያድጉት ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አየሩ ውስጥ ኦክስጅን መጠራቀም የጀመረው በእነዚህ ፍጡሮች ነው። ማንም የማይቸኩልበት ሥራ ይህን ያህል ሲያደርስ ማየት ለእኔ እስካሁን አልተለመደኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እነዚህን ሁለት ድንጋዮች እየተቀባበላችሁ እዩልኝ። ሁለቱም ተቆርጠው የተወለወሉ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ ክብ ክብ እየሠራ የሚሄድ መስመር አለ። አንዱ ስትሮማቶላይት ነው፤ አንዱን ሕይወት የሚባል ነገር አልነካውም። ሕይወት የሠራው የትኛው ነው? የመጀመሪያውን የምትሉ እጅ አውጡ። ሁለተኛውን?

(አብዛኛው ታዳሚ ለሁለተኛው እጁን አወጣ።)

ሁለተኛው አጌት ነው፤ በባዛልት ቀዳዳ ውስጥ ሲሊካ (የኳርትዝ አሸዋ የተሠራበት ነገር) የያዘ ውኃ ቀስ እያለ የሞላው። እንዲህ ያለ ድንጋይ እናንተም አካባቢ ባዛልት በሚሰበርበት ቦታ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ለምን እንደመረጣችሁት አውቃለሁ፤ መስመሩ ያምራል፣ ሥርዓት አለው። ችግሩም እሱ ነው። ሥርዓት ያለውን ሁሉ ሕይወት ሠራው ማለት ይቀናናል፤ የኬሚስትሪ ሕግ ግን ከማንኛውም ማይክሮብ የተሻለ ሥርዓተኛ ነው።

አሁን በአጉሊ መነጽር ጠጋ ብላችሁ እዩአቸው። የአጌቱን አንድ መስመር በጥፍራችሁ ተከተሉ፤ ጎንም ላይ ጫፍም ላይ ውፍረቱ ብዙ አይለዋወጥም። ከውኃ ውስጥ በኬሚስትሪ ብቻ የተጋገረ ነገር ግድግዳውን ሁሉ እኩል ይቀባል። ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። መስመሩ ጉብታው አናት ላይ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲወርድ ይሳሳል፣ እዚህ ጋ ተሸብሽቧል፣ እዚህ ጋ ተቆርጦ እንደገና ቀጥሏል። በመሬት ስበት ብቻ ቢሆን አሸዋው ከጉብታው ተንሸራትቶ ጎድጓዳው ውስጥ ይጠራቀም ነበር። አናቱ ላይ የያዘው ሙጫ ነበረ ማለት ነው። ያ ሙጫ ምንጣፉ ነው። ይህች የውፍረት ልዩነት ከቅርጹ ሁሉ ይልቅ ትናገራለች።

ይህም ቢሆን ለብቻው አይበቃም፤ ሙያችን የቆመው እዚህ ላይ ነው። ጥንታዊ ሕይወትን የሚያጠና ጂኦሎጂስት የዕድሜውን አብዛኛውን ክፍል የሚያጠፋው ሕይወትን በማግኘት አይደለም፤ አገኘሁ ያለውን ነገር ራሱ ለማፍረስ በመሞከር ነው። ያልፈረሰለትን ይጽፋል። ከዚያ ሌሎች ያፈርሱለታል።

ታሪኩ በዚህ የተሞላ ነው። በ1860ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ካናዳ ውስጥ የተገኘ ባለ መስመር ድንጋይ የዓለም የመጀመሪያ እንስሳ ነው ተብሎ ኢኦዞን የሚል ስም ወጣለት፣ ታላላቅ ሊቃውንት ተጣሉበት፤ በመጨረሻ ሙቀትና ግፊት ማዕድናትን ለይቶ የደረደረበት ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። በ1993 ዊልያም ሾፕፍ ከምዕራብ አውስትራሊያ፣ ኤፔክስ ቸርት ከሚባል ጠንካራ የሲሊካ ድንጋይ ውስጥ፣ የ3.465 ቢሊዮን ዓመት የማይክሮብ ክሮች አሉ ብሎ አሳተመ፤ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ገባ። በ2002 ማርቲን ብሬዘርና ባልደረቦቹ ወደ ቦታው ተመልሰው፣ ድንጋዩ የባሕር ወለል ደለል ሳይሆን የፍል ውኃ መተላለፊያ ነው፣ ክሮቹም የማዕድን ቅርጽ ናቸው ብለው ተነሱ። ሁለቱ ወገኖች ለዓመታት ተሟገቱ። ሙግቱ ግላዊ ጠብ የሚመስላቸው ተማሪዎች አጋጥመውኛል። እኔ ግን ከዚያ ሙግት የተረፈን መሣሪያ ይበልጥብኛል፤ ዛሬ ማንም ሰው የጥንት ማይክሮብ አገኘሁ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ድንጋዩ በምን ዓይነት አካባቢ እንደተፈጠረ ነው።

ስለ ሙያው ስጠየቅ ምሳሌ አድርጌ የማነሳት ሴት አቢጌይል ኦልዉድን ነው፤ አውስትራሊያዊት ናት። ለዶክትሬቷ የሄደችው ፒልባራ ወደሚባለው ምድረ በዳ፣ ስትሬሊ ፑል ወደተባለ የ3.43 ቢሊዮን ዓመት ድንጋይ ነው። እዚያ ያሉት ጉብታዎችና ሾጣጣዎች ቀድሞም ይታወቁ ነበር፤ ሕይወት ነው፣ አይደለም የሚለው ክርክርም ነበረ። እሷ ያደረገችው አንድ ያማረ ናሙና ይዞ ከመከራከር ይልቅ ንብብሩን ወደ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ተከትሎ መመዝገብ ነው። ሰባት ዓይነት ቅርጽ ለየች። ቅርጾቹ እንዲሁ በዘፈቀደ የተበተኑ አይደሉም፤ ውኃው ጥልቀት የሌለው፣ ጸጥ ያለ ወይም የሚናወጥ እንደነበረ እየታየ አብረው ይለዋወጣሉ። ፍል ውኃ ብቻ የጋገረው ነገር እንዲህ ለአካባቢው እየተገዛ አይለዋወጥም ነበር። በ2006 ኔቸር መጽሔት ላይ ሲወጣ መደምደሚያው አንድ ቅሪተ አካል ሳይሆን አንድ ሙሉ ሪፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ይበልጥ ይገርመኛል። በ2016 ሌላ ቡድን ከግሪንላንድ ኢሱዋ፣ 3.7 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ካለው ድንጋይ፣ ከአንድ እስከ አራት ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ ትንንሽ ሾጣጣዎች ስትሮማቶላይት ናቸው አለ። ለእሷ መልካም ዜና መሆን ነበረበት። ሄዳ አየችው። ድንጋዩን ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም ቆርጣ ስታየው ከፊት ሾጣጣ የሚመስለው ወደ ውስጥ እንደ ሸንተረር ረዝሞ የሚሄድ ሆነ፤ ሸንተረሩም የተራራ ግፊት ድንጋዩን በጎተተበት አቅጣጫ ነው የተዘረጋው። ሕይወት ሠራው ሳይሆን መሬት አጣጠፈው ማለት ነው። በ2018 እሷና ባልደረቦቿ ይህን እዚያው ኔቸር ላይ አወጡ። የ2016ቱ ቡድን ሰዎችም ዝም አላሉም፣ መልስ ሰጥተዋል። እኔ በግሌ የእሷ ወገን ነኝ፤ ሦስተኛውን ገጽ ያላሳየ ሰው ሁለቱን ገጽ ይዞ ቢሟገተኝ አልረታለትም።

ይህችው ሴት በኋላ የናሳ መሣሪያ መሪ ሆነች። ፐርሲቪራንስ የተባለው ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2021 ማርስ ላይ ሲያርፍ በክንዱ ጫፍ የያዘው ፒክስል የሚባለው መሣሪያ የእሷ ነው፤ ከፀጉር ብዙም በማይወፍር የኤክስ ሬይ ጨረር የድንጋይን ኬሚስትሪ ነጥብ በነጥብ ይመዘግባል። በ2024 ማርስ ላይ ነብር የመሰለ ነጠብጣብ ያለው ድንጋይ ሲገኝ ያን ነጠብጣብ ካጠኑት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ነበር። በ2025 የወጣው ጽሑፍ የሚለው የሕይወት ምልክት «ሊሆን የሚችል» ነገር ነው። ጋዜጦች «ሊሆን የሚችል» የምትለዋን ቆርጠው ጣሏት። እናንተ አትጣሏት፤ የመቶ ዓመት ሙግት ያለው እሷ ውስጥ ነው።

አገራችንም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለችም። ትግራይ ውስጥ ነጋሽ አካባቢ የሚታየው የተምቤን ግሩፕ ድንጋይ ምድር በበረዶ ልትሸፈን ስትል የነበረውን ባሕር መዝግቧል፤ በንብብሩ መሐል ካለ የእሳተ ገሞራ አመድ በተገኘ ልኬት የበረዶው ዘመን 717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ላይ መጀመሩን ለማወቅ የረዳው እሱ ነው። ጦርነቱ ባመጣው ችግር ወደዚያ መስክ መውጣት ለዓመታት ተቋርጦ ቆይቷል። ዳሎል ደግሞ በ2019 ብቻ ሁለት ተቃራኒ ጽሑፍ አስወጥቷል። አንዱ ቡድን በፍልና በአሲዳማ ጨዋማ ውኃው ዳር እጅግ ጥቃቅን ማይክሮቦችን አገኘሁ አለ፤ ሌላው ውኃው ውስጥ የሚኖር ነገር የለም፣ ነፋስና ሰው ያመጣውን ከነዋሪው መለየት ያስፈልጋል አለ። ቱሪስት ዳሎልን ፎቶ ያነሳል፤ ሙግቱን ግን ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው የሚሟገቱት። ይህ ያናድደኛል።

የሚያናድደኝን ካነሳሁ አንድ ልጨምር። ድንጋይን በማይክሮስኮፕ ለማየት 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ድረስ መፋቅ አለበት፤ ብርሃን ያን ጊዜ ያልፍበታል። ቲን ሴክሽን እንለዋለን። ስሙን የማልጠራው ተቋም ውስጥ ስሠራ መቁረጫው ነበረ፣ ምላጩ ግን ለግዢ ተጠይቆ እዚያው ወረቀት ላይ ቀረ። ናሙናችን ውጭ አገር ሄደ፤ ውጤቱ ሲመለስ ከፊት የተጻፈው የእኛ ስም አልነበረም። የመስክ ጫማ፣ መዶሻና ኮምፓስ ይዞ ተራራ መውጣት ያምራል፤ የሙያው ሥራ ግን በአብዛኛው መጋዝ ፊት፣ ማይክሮስኮፕ ላይና ወንበር ላይ ነው። ወገባችሁን ከአሁኑ አስቡበት።

ወደ ጥያቄዎቹ ልለፍ።

አንድ አባት «ይህን ሁሉ ሚሊዮንና ቢሊዮን ማን ቆጥሮት ነው?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ኖራውን ራሱን አብዛኛውን ጊዜ አንቆጥረውም። ከኖራው ሥርና ከላይ የወደቀ የእሳተ ገሞራ አመድ እንፈልጋለን። አመዱ ውስጥ ዚርኮን የሚባል ጠንካራ ደቃቅ ማዕድን አለ። ዚርኮን ሲፈጠር ዩራኒየም ያስገባል፣ እርሳስን ግን አይቀበልም። ዩራኒየሙ በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ይለወጣል፤ የዩራኒየም 238 ግማሹ ለመለወጥ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዛሬ ውስጡ ያለው እርሳስ ከውጭ የገባ ሳይሆን እዚያው የተወለደ ነው፤ ሁለቱን መዝኖ ዕድሜውን ማስላት ይቻላል። ኖራው ከታችኛው አመድ ያንሳል፣ ከላይኛው ይበልጣል።

አንዲት ተማሪ ደግሞ «በዚህ ሙያ እንጀራ ይበላል ወይ?» አለች።

እህቴ፣ እናቴም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። ስለ መጀመሪያው ሕይወት ብቻ ልኑር ካልሽ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ዶክትሬት፣ የትምህርት ዕድል፣ ብዙ ማመልከቻ። ሪፍ ማንበብ ግን ገበያ አለው። ካናዳ ውስጥ በ1947 ሌዱክ አካባቢ ነዳጅ ከተገኘ በኋላ ከመሬት በታች የተቀበረ የዴቮኒያን ሪፍ ፍለጋ ትልቅ ኢንዱስትሪ ሆነ፤ ሪፍ ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ዘይት ያቁራል። የሳዑዲ ጋዋር መስክ ነዳጅ ያለው በጁራሲክ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ የእኛ አንታሎ የዘመን ጓደኛ። እዚህ አገር ደግሞ ሲሚንቶ ፋብሪካ የትኛው ንብብር ንጹሕ ኖራ፣ የትኛው ጭቃ የበዛበት እንደሆነ የሚለይለት ሰው ይፈልጋል። የጉድጓድ ውኃ ቆፋሪም የኖራ ድንጋይ ውስጥ ውኃው በየት በኩል እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። እኔ በእነዚህ ሥራዎች ኖሬ ነው ስትሮማቶላይቴን ያጠናሁት፤ አላፍርበትም።

መጀመር ለሚፈልግ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ስትሄዱ ቅዳሜን ጨምሩና ወደ ዓባይ ሸለቆ መንገድ ውረዱ፤ ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ባዛልቱ ያልቃል፣ አንታሎው ይጀምራል፣ ከሥሩ ጂፕሰሙ፣ ከዚያም ሥር የአሸዋ ድንጋዩ በተራ ይመጣል። መኪና ስለሚበዛ መንገድ ዳር ተጠንቀቁ። አጉሊ መነጽርና አንዲት ጠብታ ማንጠብጠቢያ ጠርሙስ ያዙ፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 10 በመቶ። የኖራ ድንጋይ ላይ ስታንጠባጥቡ ወዲያው ይፈላል፤ ዶሎማይት (ማግኒዥየም ያለበት የኖራ ድንጋይ ዘመድ) ከሆነ ዝም ይላል፣ በቢላ ፍቃችሁ ዱቄቱ ላይ ስታደርጉ ቀስ ብሎ ይፈላል። አሲዱን ከኬሚስትሪ መምህራችሁ ጋር ሆናችሁ አቅጥኑት፤ መነጽር አድርጉ፣ ሁልጊዜም አሲዱን ወደ ውኃው ጨምሩ እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ አትጨምሩ።